ጠርሙሱን የሚመልሰው ማን ነው?



ምድሪቱን ሳያቆሽሹና ሳያራቁቱ ስለመኖር ወሬ ሲነሳ፣ ቤት ውስጥም ሆነ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዎች መከራከራቸው አይቀርም። አንደኛው «ሁሉም ከራሱ ይጀምር፤ ፌስታል አልፈልግም ይበል፣ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ገበያ ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው «እኔ አንዲት ፌስታል ብተው ምን ሊለወጥ? ፋብሪካውን መንግሥት ይዝጋው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። እኔ የምለው፣ ሁለቱም ወደ ጉዳዩ የደረሱት ዘግይተው ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ መደርደሪያው ፊት ሲቆም ዋናው ውሳኔ አልቋል። መደርደሪያው ላይ ምን እንደሚደረደር፣ ባዶው ዕቃ ተመልሶ የት እንደሚገባ፣ የመመለሻውን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ሌሎች ሰዎች ሌላ ጠረጴዛ ከበው ወስነውታል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ጠረጴዛ ነው። ማን ተቀምጦበት ያውቃል? እኛስ ወንበር ስበን ልንጠጋው የምንችለው በየት በኩል ነው?

ለዚህ የሚሆን አንድ ተራ ዕቃ መርጫለሁ፤ ጠርሙስን።

በአገራችን የቢራና የለስላሳ የመስታወት ጠርሙስ ይመለሳል። የደገሰ ሰው መጠጥ ሲያወርድ ወይ ባዶ ሳጥን ይዞ ይሄዳል፣ ወይ ማስያዣ ይከፍላል። ድግሱ ሲበተን ልጆች ከየወንበሩ ሥር ባዶውን ይለቅማሉ፤ አንድ ጠንቃቃ አጎት ቆሞ ይቆጥራል፤ የጎደለው ይፈለጋል፤ የተሰበረው በደጋሹ ሒሳብ ይያዛል። ሙሉውን ያመጣው መኪና ባዶውን ጭኖ ይመለሳል፤ ፋብሪካው አጥቦ እንደገና ይሞላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያስብ አንድም ሰው በቦታው የለም። የሚታሰበው ማስያዣው ነው።

አሁን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከቢራው ጎን የቆመውን ሃይላንድ፣ የፕላስቲኩን የውሃ ጠርሙስ፣ ተመልከቱ። ያው እንግዳ ነው የጠጣው። አስተዳደጉም፣ ትምህርቱም፣ ህሊናውም አልተለወጠም። የቢራው ጠርሙስ ሳጥኑ ውስጥ ተመልሶ ሲገባ ሃይላንዱ ግን ተጨፍልቆ ከጠረጴዛው ሥር ይወድቃል። ዕድል ከቀናው ማዳበሪያ አንጠልጥሎ የሚዞር ልጅ አንስቶ በኪሎ ይሸጠዋል፤ ካልቀናው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ክረምት ሲመጣ የጎርፉን መውረጃ ይዘጋል። «ሕዝባችን ንቃተ ህሊና ይጎድለዋል» የሚለውን የተለመደ ንግግር በሰማሁ ቁጥር እነዚህ ሁለት ጠርሙሶች ይታወሱኛል። ባንድ እጅ የሚያዙ ናቸው፤ ለአንዱ መመለሻ መንገድ ተሠርቶለታል፣ ለሌላው አልተሠራለትም።

ይህ መንገድ ደግሞ እንደተሠራ ሁሉ ሊፈርስ ይችላል። የፈረሰበትን አገር ታሪክ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለበት።

አሜሪካ ውስጥም ለስላሳና ቢራ ለረጅም ጊዜ የሚሸጡት በሚመለስ ጠርሙስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ክሩገር የተባለ ጠማቂ በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቢራ ለገበያ አወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቆርቆሮውና «ጠጥተህ ጣለው» የተባለለት ጠርሙስ እየተስፋፉ ሄዱ። ለኩባንያዎቹ ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ባዶ ጠርሙስ ጭኖ የሚመለስ መኪና፣ የሚያጥብ ማሽን፣ የሚቆጥር ሠራተኛ አያስፈልግም። በየከተማው የነበሩ ትናንሽ ማጠቢያና መሙያ ጣቢያዎች ተዘግተው ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ አገሩን ሁሉ ማዳረስ ይቻላል። ቆርቆሮና ጠርሙስ ለሚያመርተው ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ያገለግል የነበረው ዕቃ አሁን በየቀኑ አዲስ የሚሸጥለት ሆነ። ገዢውም አልጠላውም፤ ባዶ ተሸክሞ ከመመለስ ተገላግሏል። ሰዎች ተታለው ብቻ ነው የተቀበሉት ብል እዋሻችኋለሁ። ምቾት ምቾት ነው።

ቆሻሻው ግን የትም አልሄደም፤ መንገድ ዳርና ግጦሽ መሬት ላይ ተከመረ። ቨርሞንት በምትባለው የወተት ላም አርቢዎች ክፍለ ግዛት ገበሬዎች ስብርባሪው ከብቶቻችንን ጎዳብን ብለው ጮኹ። በ1953 የክፍለ ግዛቷ ምክር ቤት የማይመለስ የቢራ ጠርሙስ እንዳይሸጥ ከለከለ። ለኢንዱስትሪው ይህ የማንቂያ ደወል ነበር፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ቢከተሉስ? በዚያው ዓመት የቆርቆሮ፣ የጠርሙስና የመጠጥ ኩባንያዎች ተባብረው «አሜሪካን ውብ አድርጋችሁ ጠብቁ» የሚል ስም ያለው ድርጅት አቋቋሙ። የቨርሞንት ሕግ በ1957 ሳይታደስ ቀረ። ድርጅቱ ግን ዛሬም አለ።

በጣም የታወቀው ሥራው በ1971 በቴሌቪዥን የተላለፈ ማስታወቂያ ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልብስ የለበሰ ሰው ታንኳ እየቀዘፈ በቆሻሻ የተሞላ ወንዝ ያቋርጣል። አውራ ጎዳና ዳር ሲቆም ከመኪና የተወረወረ ቆሻሻ እግሩ ሥር ይፈነዳል። ወደ ካሜራው ሲዞር አንዲት እንባ በጉንጩ ላይ ትወርዳለች። መልእክቱ፣ ብክለትን የሚጀምሩት ሰዎች ናቸው፣ ሊያቆሙትም የሚችሉት እነሱ ናቸው የሚል ነበር። ተዋናዩ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ነኝ እያለ የኖረ፣ ወላጆቹ ግን ከጣሊያን የመጡ ሰው ነበር። ይህ እንኳ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው፣ በማስታወቂያው ውስጥ ቆሻሻውን የወረወረው እጅ ሲታይ ዕቃውን ያመረተው እጅ አለመታየቱ ነው። ለማስታወቂያው ገንዘብ ያዋጡት ኩባንያዎች፣ የጠርሙስ ማስያዣ ሕግ በየክፍለ ግዛቱ ሲቀርብ ጠበቃና ገንዘብ አሰልፈው ይቃወሙ ነበር። ተመልካቹ እያፈረ ወረቀቱን ሲያነሳ፣ ጠርሙሱ እንዲመለስ የሚያስገድደው ረቂቅ በሌላ አዳራሽ ይወድቃል።

ኀፍረት ሊመረትና ሊታደል የሚችል ነገር መሆኑን ያየሁት እዚህ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብሪቲሽ ፔትሮሊየም ያንኑ ዘዴ በሌላ መልክ ተጠቀመበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሰፊ ማስታወቂያ ሰዎችን «የእናንተ የካርቦን አሻራ ስንት ነው?» እያለ ጠየቀ፤ በ2004 ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የራሱን የሚያሰላበት ማስያ በኢንተርኔት አወጣ። ከዓለም ትላልቅ የነዳጅ ኩባንያዎች አንዱ ነው ይህን የሚጠይቀው። ስሌቱ ራሱ ሐሰት አይደለም። ጥያቄው የተጠየቀው ግን ነዳጅ ለሚቀዳው ሰው ብቻ ነው፤ ነዳጅ ለሚያወጣው አይደለም።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ የግለሰብ ምርጫ ከንቱ ነው፤ ሃይላንዴን እንደልቤ ልጣል» የሚል ካለ አይቸኩል። ተቃራኒውን የሚያሳይ ታሪክ አለ፤ እኔም ወደዚህ ንግግር የመጣሁት በእሱ ምክንያት ነው።

በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሼርውድ ሮውላንድ የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ኬሚስቶች፣ ሽቶና የፀጉር ቅባት በሚረጩ ቆርቆሮዎች፣ እንዲሁም በማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው ክሎሮፍሎሮካርቦን የተባለ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ንጣፍ ሊያፈርስ እንደሚችል ጻፉ። አምራቾቹ «ገና ያልተረጋገጠ መላምት ነው» አሉ። አሜሪካውያን ገዢዎች ግን ሕግ ሳይጠብቁ የሚረጨውን ቆርቆሮ መተው ጀመሩ፤ በእጅ የሚታሸውንና በፓምፕ የሚረጨውን ገዙ። የሽያጩ መውደቅ ስለታየ በ1975 ጆንሰን ዋክስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋዙን ከሚረጩ ምርቶቹ አወጣለሁ ብሎ አስታወቀ። የአሜሪካ መንግሥት አስፈላጊ ባልሆኑ የሚረጩ ምርቶች ላይ ጋዙን የከለከለው በ1978 ነው። ገበያው ከሕጉ ቀድሟል ማለት ነው።

አሁን ማቀዝቀዣውን ተመልከቱ። ያው ጋዝ በፍሪጁ ጀርባ ባለው ቱቦ ውስጥ ይዞር ነበር። የቤት እመቤቷ ሱቅ ገብታ «ያንን ጋዝ የሌለበት ፍሪጅ ስጡኝ» ብትል የሚሰጣት አልነበረም። ሽቶው ላይ ምርጫ ነበራት፤ ፍሪጁ ላይ አልነበራትም። በ1985 እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ ክፉኛ መሳሳቱን አሳዩ። በ1987 መስከረም ላይ በሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ቀጥሎም ደሃ አገሮች ቴክኖሎጂውን እንዲለውጡ የሚረዳ የገንዘብ ቋት ተቋቋመ፤ «እናንተ ያበላሻችሁትን እኛ ለምን እንከፍላለን?» ለሚለው ትክክለኛ ጥያቄ መልስ ካልተሰጠ ብዙዎቹ ደሃ አገሮች እንደማይፈርሙ ተደራዳሪዎቹ ያውቁ ነበር። በመጨረሻ ኢትዮጵያን ጨምሮ የዓለም አገሮች ሁሉ ፈራሚ ሆኑ። ስምምነቱ እስከተከበረ ድረስ ኦዞኑ በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ፣ በአንታርክቲካ ላይ በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።

የገዢዎቹ ምርጫ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ሠራ? በጋዙ ብዛት ከለካነው ከፊሉን ብቻ ነው የቀነሰው፤ ያንንም ባንድ አገርና ባንድ ዓይነት ዕቃ ላይ። ነገር ግን ያለ ጋዙ መኖር እንደሚቻል አሳይቷል፤ ለኩባንያዎቹም በመቃወም ከመክሰር በመለወጥ ማትረፍ እንደሚሻል አመልክቷል። ፖለቲከኛው ከሕዝቡ ብዙ ርቆ እንዳልሄደ አውቆ ፈረመ። የአንድ ሰው ግዢ ዓለምን አያድንም፤ የብዙ ሰው ግዢ ሲታይና ሲነገር ግን በዚያኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ቤቱ ውስጥ ዝም ብሎ የተወ ሰው ነፍሱን ያስደስታል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሕግ ይውጣ የሚለው ወገን እኛ አገር የሚገጥመው ፈተና ሌላ ነው፤ ሕግ ማውጣት አልቸገረንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። በጣም ጥሩ። አሁን እስቲ መርካቶ ገብታችሁ የአንዲት ፌስታል ውፍረት የሚለካ ሰው አሳዩኝ። ቲማቲም የምትሸጠው ሴት በምን ትለየው? ሕጉ በሚሊ ሜትር ተጻፈ፤ ገበያው በኪሎ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ፌስታልን በውፍረት ሳይከፋፍሉ ከለከሉ፤ ፖሊሱም ነጋዴውም በዓይኑ አይቶ የሚለየው ሆነላቸው። በ2017 ዓ.ም. የእኛም ምክር ቤት ፌስታልን በጠቅላላው የሚከለክል፣ ይዞ የሚገኘውንም ግለሰብ የሚቀጣ አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

ክልከላውን እደግፋለሁ። ዓይኔን የምጥለው ግን ቅጣቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ፌስታል አንጠልጥላ ከአትክልት ተራ የምትወጣን ሴት መያዝ ቀላል ነው፤ በሩ ተዘግቶ ሌሊት የሚሠራን ማሽን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቀላሉ መንገድ ከተመረጠ የ1971ዱ ማስታወቂያ በደንብ አስከባሪ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ወርዋሪው ይታያል፣ አምራቹ አይታይም። ደግሞስ ለምስርና ለዘይት፣ ለሥጋና ለበርበሬ ምን ይተካ? ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ ለሽንኩርት ይሆናሉ፤ ለሚንጠባጠብ ነገር መልስ ያስፈልጋል። መልሱ በጊዜው ካልተዘጋጀ ፌስታሉ ከባንኮኒው ሥር ተደብቆ በሁለት እጥፍ ዋጋ ይሸጣል።

የቆሻሻው መጨረሻ የት እንደሆነ የምናውቅ ሕዝብ ነን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ የቆሼ ክምር፣ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ክምሩ ሥር ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። የእኛን ሃይላንድና ብረት ከቆሻሻ ለይተው ያወጡ የነበሩትም በዚያ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ከተማዋ ለዚህ ሥራ ደመወዝ ከፍላቸው አታውቅም።

ይኸው ጥያቄ በማገዶና በመኪናም አለ፤ በዝርዝር ልናገር አስቤ ነበር፣ ጊዜው ስለማይበቃ ግን ባጭሩ ልለፈው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። አምስት ተከራይ ባንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ አከራዩ «ምጣድ አይቻልም» ካሉ፣ ሕዳሴ ግድብ ቢመረቅም እናት የምትጋግረው በማገዶ ነው። «ለምን ደን ታስጨፈጭፊያለሽ?» ብሎ እሷን መውቀስ ነውር ነው፤ የግል ቆጣሪ ማስገባቱ ነው ፖሊሲው። መኪናው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል፣ መደርደሪያው ባንድ ቀን ተለወጠ፤ ባትሪ መሙያ ጣቢያውና መካኒኩ ግን ቀስ ብለው ነው የሚከተሉት።

እስካሁን ስለ ኪስና ስለ ምክር ቤት ነው ያወራሁት። በውጭ አገር በሚጻፉ መጻሕፍት ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት መካከል ብቻ ይካሄዳል፤ አንድ ሰው ወይ ገዢ ነው፣ ወይ መራጭ። እኛ ግን በመሀሉ ሌላ ነገር አለን፤ እድር።

እድርን በዚህ ዓይን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ድንኳኑ የጋራ ነው። አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው የጋራ ነው። መቶ ቤተሰብ እያንዳንዱ ለሁለት መቶ እንግዳ የሚሆን ዕቃ ገዝቶ እንዳያስቀምጥ፣ አንዱን ዕቃ አዙሮ ይጠቀምበታል። ዕቃ ጠባቂ አለ፣ መዝገብ አለ፣ የሰበረ ይከፍላል። አውሮፓውያን ዛሬ «ዕቃን በጋራ መጠቀም» እያሉ በአዲስ መልክ የሚሰብኩትን ነገር አያቶቻችን ለቅሶ ቤት ውስጥ ሠርተውታል። እንደ ቢራው ጠርሙስ ሁሉ እዚህም የአካባቢ ጥበቃ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የታሰበው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይከብደው ነው።

ታዲያ በቅርብ ዓመታት በብዙ እድሮች ምን እየሆነ ነው? ብርጭቆው መጋዘን ተቀምጦ ለቅሶ ቤት የታሸገ ውሃ በፌስታል እየታሰረ ይገባል። ሰሃኑ ባንዳንድ ቦታ በሚጣል ሰሃን ተተክቷል። ምክንያቱን ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አንደኛው አጣቢ ጠፋ የሚል ነው፤ ወጣቱ ሥራ ላይ ነው፣ ሴቶቹም በቃን ብለዋል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ለዘመናት ሲያጥቡ የኖሩት እነሱ ብቻ ናቸውና። ሁለተኛው የቧንቧ ውሃ አይታመንም የሚል ነው። ሁለቱም ከባድ ምክንያቶች ናቸው። ሁለቱም ግን በስብሰባ የሚፈቱ ናቸው። እድሩ ለአጣቢ መክፈል ይችላል። ባዶው ተመልሶ የሚሞላውን ባለ 20 ሊትር ውሃ ከነማቅረቢያው መከራየት ይችላል። መቶ ቤተሰብ ያለው እድር አንድ አከፋፋይ ጠርቶ «በዚህ መልክ ካመጣህልን ዓመቱን ሙሉ ያንተ ደንበኛ ነን» ሲል የሚሰማው ሰው፣ እኔ ብቻዬን ሱቁ በር ላይ ብቆም ዞር ብሎም አያየኝም። ትምህርት ቤት፣ ማኅበር፣ መሥሪያ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። በየስብሰባው ከእያንዳንዱ ወንበር ፊት ሁለት ሁለት ሃይላንድ የሚደረድረው የግዢ ክፍል ነው፤ የግዢ ክፍሉን ትእዛዝ የሚፈርም ሰው ስም አለው፣ ቢሮውም ይታወቃል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሕግ ጉዳይ ነው፤ እኔም የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር። በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ማስያዣ ይደረግ። የአሜሪካዋ ኦሬገን ያ እንባ በቴሌቪዥን በፈሰሰበት በዚያው በ1971 በቢራና በለስላሳ ጠርሙስና ቆርቆሮ ላይ አምስት ሳንቲም ማስያዣ የሚጥል ሕግ አውጥታ የመንገድ ዳር ቆሻሻዋን ቀንሳለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1991 ለኢንዱስትሪው ዕድል ሰጠች፤ ከመጠጥ ዕቃችሁ ቢያንስ 72 በመቶው ተመልሶ የሚሞላ ሆኖ ከቀጠለ አልነካችሁም አለች። ድርሻው ከዚያ ሲወርድ ማስያዣው በራሱ ጊዜ መጣ፤ ከ2003 ጀምሮ አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል ዕቃ ላይ ቢያንስ 25 የዩሮ ሳንቲም ይያዛል። ዛሬ እዚያ ጠርሙስ መሬት ላይ አይቆይም። ሊመልሰው የማይፈልገው ሰው እንኳ ለቃቃሚው ሳይጎነበስ እንዲያነሳው ከቅርጫቱ ጎን ያቆምለታል። እስራኤል የምትኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ጠይቋቸው፤ እዚያም የትንንሾቹ ጠርሙሶች ማስያዣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ይሠራል፣ ትልልቆቹ የተጨመሩት በ2021 መጨረሻ ነው።

የውሃ አምራቾች ይህን ሲሰሙ «ዋጋ ይጨምራል» ማለታቸው አይቀርም። ጠርሙሱን ለመለሰ አይጨምርም፤ ማስያዣው ይመለስለታል። «ማን ይሰበስበዋል? መኪናው፣ መጋዘኑ፣ ሒሳቡ?» ይላሉ። እነሱው የውሃ ካርቶን የሚያራግፉበት ሱቅ የቢራና የለስላሳ ሳጥን ሲቀበልና ሲመልስ የኖረ ነው፤ አሠራሩን ከማንም ይልቅ ባለሱቁ ያውቀዋል። ያለ ደመወዝ ሲለቅም ለኖረው ልጅም የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ በሕግ የታወቀ ይሆንለታል፤ የኪሎው ዋጋ ዛሬ ወርዷል የሚለው ደላላ አያታልለውም። አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ ግን አለ። ማስያዣው በጣም ካነሰ በዋጋ ንረቱ ቶሎ ይዋጥና ማንም ጠርሙስ ለመመለስ አይደክምም። ስለዚህ መጠኑ በአዋጁ ውስጥ እንዳይቆለፍ፣ በየጊዜው በመመሪያ እንዲሻሻል ሆኖ መጻፍ አለበት። ረቂቅ ሲዘጋጅ ባለድርሻ ተብለው አዳራሽ የሚጠሩት አምራቾችና አስመጪዎች ብቻ እንዳይሆኑ፣ የእድሮች ምክር ቤቶች፣ የለቃሚዎች ማኅበራትና ባለሱቆች ወንበር እንዲያገኙ ከአሁኑ ይጠይቁ።